የስደተኞች መምጣትና የአገር መልካም ስም፤ ጋምቤላ እንደ ምሳሌ



ስደተኛ ከአንድ አገር ድንበር ሲደርስ ሁለት ጥያቄዎች አብረውት ይደርሳሉ። አንደኛው ምን ይበላል፣ የትስ ያድራል የሚል ነው። ሁለተኛው ተቀባዩ አገር ስለዚሁ ጉዳይ ለማን፣ ምን ብሎ፣ በምንስ ቋንቋ ይናገራል የሚል ሲሆን፣ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያን በቀጥታ የሚመለከተውም ይኸው ነው።

አገሮች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ የተለያየ ነው። በ2007 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ከሶርያ የሸሸው ሕዝብ ወደ አውሮፓ በጎረፈ ጊዜ፣ የዴንማርክ መንግሥት በሊባኖስ ጋዜጦች ማስታወቂያ አሳትሞ ለስደተኛ የሚሰጠውን ድጎማ መቀነሱን አስታወቀ። በዚያው ሰሞን የጀርመን መራሒተ መንግሥት አንጌላ ሜርክል አገራቸው ሸክሙን እንደምትወጣው ለሕዝባቸው ነገሩ። የፊተኛው ቃል የታሰበው ለመጪው ሲሆን፣ የኋለኛው ለአገሬው ነበር።

የኢትዮጵያ ጉዳይ በጋምቤላ ይመዘናል። ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሣ ኢትዮጵያ ድንበሯን አልዘጋችም። በፓጋክና በሌሎችም በሮች የገባው ሕዝብ በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ ኋላም በጀዊ መጠለያ ጣቢያዎች ሰፈረ። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ በኢትዮጵያ የሚገኙት የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ከ400 ሺህ በልጠው ነበር፤ አብዛኞቹም በጋምቤላ ነበሩ። የክልሉ ነዋሪ ግን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 307 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። ቤት ለእንግዳ ማለት የአገሩ ልማድ ቢሆንም፣ እንግዳው ከባለቤቱ ቁጥር ሲስተካከል ባለቤቱ ማብራሪያ መሻቱ አያስደንቅም።

የማብራሪያው ዋጋ ሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ታየ። በ7ኛው ቀን ድንበር ጥሰው የገቡ የሙርሌ ታጣቂዎች ከ200 በላይ ሰዎች ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናት ወሰዱ። መንግሥትም የሁለት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ዐወጀ። ሳምንት ሳይሞላ በጀዊ አካባቢ የአንድ እርዳታ ድርጅት መኪና ሁለት የስደተኛ ልጆችን ገጭቶ በመግደሉ ቁጣ ተነሥቶ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ተገደሉ። የሙርሌ ታጣቂዎች ስደተኞች አልነበሩም፤ በእነርሱ እጅ የሞቱትም በአብዛኛው ኑዌሮች፣ ማለትም የብዙዎቹ ስደተኞች የቋንቋና የዘር ወገኖች ነበሩ። በጀዊ ለተፈጸመውም ግድያ የሚጠየቁት ፈጻሚዎቹ እንጂ የተጠለለው ሕዝብ በሙሉ አይደለም። በእንዲህ ያለ ሳምንት ማን ምን እንዳደረገ ፈጥኖና ለይቶ የሚናገር ከሌለ፣ ወሬ ቦታውን ይይዛል፤ ወሬ ደግሞ ጥፋትን በሕዝብ ላይ እንጂ በጥፋተኛ ላይ አይጭንም።

አምስት ወር ቆይቶ መስከረም 10 ቀን 2009 ዓ.ም. በኒውዮርክ በተደረገው የመሪዎች ጉባኤ ኢትዮጵያ ከተባባሪ አስተናጋጆች አንዷ ሆና ዘጠኝ ቃል ኪዳኖችን ገባች። ከእነዚህ አንዱን ለማስፈጸም በወጣው እቅድ፣ በኢንዱስትሪ ፓርኮች ከሚፈጠሩ 100 ሺህ የሥራ ቦታዎች 30 ሺህ ለስደተኞች፣ 70 ሺህ ለኢትዮጵያውያን ታስቦ ነበር። የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ የሰማ ሥራ ፈላጊ ወጣት የሚሰማው ቅሬታ፣ ሁለቱን የሰማው የሚያድርበት ተስፋ አንድ ሊሆን አይችልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም በነጋሪት ጋዜጣ የታተመው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ቢሆንም፣ የአኙዋኩ ገበሬም ሆነ የኑዌሩ ከብት አርቢ አፉን የፈታበት ቋንቋ አይደለም።

ለለጋሽ አገሮች የሚቀርበው ገለጻ አስፈላጊ መሆኑ አይካድም፤ ስንዴውም፣ መድኃኒቱም፣ ብድሩም የሚገኘው በእርሱ ነውና። ሆኖም መልካም ስም በውጭ ሲገነን በቤት ውስጥ ዝምታ ከነገሠ፣ ሕዝቡ «የራስዋ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ማለቱ አይቀርም።

ስለሆነም የባለሙያው ኃላፊነት ግልጽ ነው። ለውጭ የሚነገረው ሁሉ አስቀድሞ ለጋምቤላ ሕዝብ፣ በአኙዋክኛ፣ በኑዌርኛና በሌሎቹም የአካባቢው ቋንቋዎች ይነገር። የሚገኘው ጥቅም ሲነገር፣ በደኑ፣ በውኃውና በትምህርት ቤቱ ላይ የሚደርሰው ጫናም አይደበቅ። ጥፋት ሲፈጸም ጥፋተኛው በድርጊቱ ይጠራ እንጂ በጎሣው አይጠራ። የአገር ስም የሚጸናው ስደተኛውን በየዕለቱ በጉርብትና የሚያኖረው ሕዝብ አምኖበት ሲመሰክርለት ነው።