እውን፥ እውነትና ዓይናችን

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተነገረ)




ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ጉዳይ በፍልስፍና ትምህርት ክፍል ብቻ የሚወሰን አይደለም። በምግብ አዳራሽም ሆነ በመኝታ ክፍል ክርክር በጋለ ጊዜ አንዱ ወገን «ለእኔ እውነቱ ይህ ነው፤ ላንተ ደግሞ ያ ይሁንልህ» ብሎ ነገሩን ሲዘጋ እንሰማለን። አነጋገሩ ትሕትና ይመስላል፤ ጠብም ያበርዳል። ነገር ግን እውነት በየሰዉ ልክ የሚሰፋ እጀ ጠባብ ከሆነ፥ መምህር የሚያስተምረው፥ ዳኛ የሚፈርደው፥ የተበደለም ሰው የሚያመለክተው ምን ቀረው? ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለይተን እንመልከት፤ እነርሱም እውኑ፥ እውነቱና የእኛ ማየት ናቸው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ቋንቋችንን እንጠይቅ። ሰው ያልጠበቀው ነገር ሲገጥመው «በሕልሜ ነው ወይስ በእውኔ?» ይላል። እውን ማለት እንግዲህ እኛ ብንተኛም ብንነቃም በቦታው የሚገኘው ነገር ነው። እውነት ግን ስለዚያ ነገር የሚነገር ቃል ነው። ድንጋይ እውን ነው፤ እውነት ወይም ሐሰት የሚባለው ግን ስለ ድንጋዩ የተናገርነው ነው። አርስጣጣሊስም ያለውን አለ፥ የሌለውንም የለም ማለት እውነት መናገር መሆኑን አስተምሯል። ሦስተኛው፥ ማየታችን፥ በሁለቱ መካከል የሚመላለስ መልእክተኛ ነው። ይህ መልእክተኛ የተላከውን ሁልጊዜ አስተካክሎ ያደርሳልን?

ፈረንሳዊው ዴካርት በ1641 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጠይቋል። ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ ሳለ በሕልሙ ከእሳት ዳር የተቀመጠ ከመሰለው፥ አሁንስ የነቃ ለመሆኑ ምልክቱ ምንድን ነው? ዴካርት ይህን ያነሣው እውነትን ለማፍረስ አልነበረም፤ የማይናወጥ መሠረት ለመፈለግ ነበር እንጂ።

የመልእክተኛውን ጠባይ የሚያሳይ አንድ ቀላል ፈተና አለ። በ1889 ሙለር ላየር የተባለ ጀርመናዊ ባሳተመው ሥዕል ሁለት እኩል መስመሮች ተሠምረዋል። የአንደኛው መስመር ጫፎች እንደ ፍላጻ ራስ ናቸው፤ የሁለተኛው ጫፎች ግን እንደ መንሽ ወደ ውጭ የተከፈቱ ናቸው። ለብዙዎቻችን ሁለተኛው ይረዝምብናል። በማስመሪያ ለክተን እኩልነታቸውን ካረጋገጥን በኋላ እንኳ ዓይናችን አይታረምም።

በ1966 ሴጋል፥ ካምቤልና ሄርስኮቪትስ የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት ይህን የመሰሉ ሥዕሎች በአፍሪካ፥ በፊሊፒንና በአሜሪካ ለሚኖሩ ሰዎች አሳይተው ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። በሙለር ላየር መስመሮች ይበልጥ የተታለሉት የአሜሪካ ከተማ ነዋሪዎች ነበሩ፤ ከአፍሪካ ሕዝቦች አንዳንዶቹ ግን የተታለሉት እጅግ በጥቂቱ ነው። ሊቃውንቱ ምክንያቱን ሲገምቱ፥ ማዕዘን በበዛበት ቤት ያደገ ሰው መስመርን ሁሉ እንደ ግድግዳ ጥግ ማየት ይለምዳል አሉ። ግምቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ውጤቱ ግን ዓይን ብቻውን እንደማያይ፥ ኑሮም አብሮት እንደሚያይ ያመለክታል። አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ያሉት ይህንኑ ነው። በፊቱ ያለው ልጥ ነው፤ የሚያስበረግገው ግን የትናንቱ እባብ ነው።

አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያውስ እውነት የለም፤ ያለው አስተያየት ብቻ ነው» ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ዓይናችን መታለሉን ያወቅነው መስመሮቹ እኩል መሆናቸውን ስላወቅን ነው። እውነት ከሌለ «ተታለልን» የሚለው ቃል ራሱ ትርጉም ያጣል። ማስመሪያውም ለአሜሪካዊውና ለአፍሪካዊው አንድ ዓይነት ልክ ይሰጣል።

የሥነ ፈለክ ታሪክም ይህን ያስረዳል። ኮፐርኒከስ በ1543 የምትዞረው መሬት ናት ብሎ ባሳተመ ጊዜ፥ የተቃወሙት ሁሉ አላዋቂዎች አልነበሩም። መንገደኛ ሲራመድ የቅርቡ ዛፍ ከሩቁ ተራራ አንጻር ቦታውን የለወጠ ይመስለዋል። መሬትም በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድ ከሆነ፥ ቅርብ የሆኑት ከዋክብት በዓመቱ ውስጥ ጥቂት ፈቀቅ ሲሉ መታየት ነበረባቸው፤ ማንም ግን ይህን አላየም። አስተሳሰቡ ትክክል ነበር፤ ዓይን ግን ሊደርስበት አልቻለም፤ ከዋክብቱ ማንም ከገመተው በላይ ሩቅ ነበሩና። ሌሎች ማስረጃዎች ቀደም ብለው ብዙዎችን አሳምነው ነበር፤ ይህ ፈቀቅታ ግን በትክክል ተለክቶ የታወቀው በ1838 ጀርመናዊው ቤሰል የአንድ ኮከብ ልኬት ባሳተመ ጊዜ ነው። የለካውም ማዕዘን አንድ ዲግሪ ለ10,000 ቢከፈል ከአንዱ ክፍል ያነሰ ነበር። በእነዚያ 295 ዓመታት መሬት የሊቃውንትን ስምምነት አልጠበቀችም፤ ትዞር ነበር። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ነገር ግን እውነት እያደር የጠራው ያደሩለት ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» የተባለውን የግእዝ የፍልስፍና መጽሐፍ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ጽሑፉን በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ለፈረንሳዊው ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ኢጣልያዊ ሚሲዮናዊ ነበር። በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ኢጣልያዊ ሊቅ መጽሐፉን የደረሰው ራሱ ጁስቶ ነው ሲል ጻፈ። በ1970ዎቹ ደግሞ በአዲስ አበባ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር በሰፊ ጥናት ይህን ተቃውመው፥ ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው አሉ። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም።

በዚህ ነገር ምኞት የሌለው ከመካከላችን ማን ነው? አገሩን የሚወድ መጽሐፉ የእኛ እንዲሆን ይመኛል። አፍሪካዊ ሊፈላሰፍ አይችልም ብሎ የሚያስብም የዚህን ተቃራኒ ይመኛል። ሁለቱም ከልጡ በፊት እባቡን ያያሉ። መጽሐፉን የደረሰ ሰው ግን አለ፤ ማንነቱም በእኛ ፍቅር ወይም በሌላው ንቀት አይለወጥም። ወደ እርሱ የሚወስደው መንገድ የእጅ ጽሑፎቹን፥ የግእዙን አገባብና የጁስቶን ደብዳቤዎች መርምሮ ማመዛዘን ነው። ሐተታ ማለት ራሱ ምርመራ ነውና፥ ሳይመረምር «ለእኔ የእኛ ነው» የሚል ተማሪ መጽሐፉንም አገሩንም አላከበረም። ደግሞም «ገና አልተለየም» ማለትና «ለሁሉም የየራሱ እውነት አለው» ማለት የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ወደ ሥራ ይጠራል፤ ሁለተኛው ከሥራ ያሳርፋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፥ ያየነውንና ካየነው ተነሥተን የደመደምነውን ለይተን እንናገር። ሁለተኛ፥ በሌላ ስፍራ የቆመውን ሰው አጥብቀን እንስማ፤ ከቆምንበት የማይታየን ለእርሱ ሊታየው ይችላልና። ሦስተኛ፥ ከመከራከራችን በፊት ምን ዓይነት ማስረጃ ቢቀርብ አሳባችንን እንደምንለውጥ ለራሳችን እንንገር። ይህን መናገር የማይችል ሰው አስቀድሞ ፈርዶ የመጣ ነው።

በሚመጣው ስብሰባችን አንዱ ተነሥቶ «ለእኔ እውነቱ ይህ ነው» ቢለን አንቆጣው፤ አናጨብጭብለትም። «ወንድማችን፥ በምን እንለካው?» ብለን እንጠይቀው።