ወደ ኡቡንቱ ለምን ዞርኩ?

(ለኮምፒውተር ክበብ አባላት ከቀረበ ንግግር)

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው፣ ኪቦርዱን፣ ፕሪንተሩንና ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስተባብረው ዋናው ፕሮግራም ነው። አብዛኞቻችን የምናውቀው ዊንዶውስን ነው። እኔ ግን ወደ ኡቡንቱ ዞሬያለሁ። «ፋሽን ነው እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም! ምክንያት አለኝ።

አንደኛው ምክንያቴ ኪሴ ነው። የምተዳደረው በኮምፒውተር ጽሕፈት ነው፤ የታናሽ እህቴ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛውም ከዚሁ ገቢ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል ይፈልጋል፤ የኔ አሮጌ ኮምፒውተር ይህ የለውም። ታዲያ አዲስ ልግዛ ብል የእህቴ ትምህርት ሊስተጓጎል ነው። ኡቡንቱ ግን በነጻ ይገኛል። ከቤተሰቡ ቀለል ያለውን ዙቡንቱን ጫንኩ፤ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ኮምፒውተሬ ላይ በደንብ ይሠራል።

ሁለተኛው ምክንያቴ አደራ ነው። ደንበኞቼ የሥራ ማመልከቻ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ውል ያመጡልኛል። የሰው ምስጢር እኮ ነው! የደህንነት ማሻሻያ በማያገኝ ሲስተም ላይ ላስቀምጠው አልፈለግኩም። በዚያ ላይ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፍላሽ የሚመጡት ቫይረሶች አብዛኞቹ ለዊንዶውስ የተሠሩ ናቸው። ይህ ማለት ግን ኡቡንቱን ምንም አይነካውም ማለት አይደለም፤ ጥንቃቄ ሁሌም ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ምክንያቴ መማር ነው። የኡቡንቱ መሠረት የሆነውን ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት፣ የፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ሥራውን ለሁሉም ክፍት ስላደረገው በየአገሩ ያሉ ሰዎች አሻሻሉት። ኡቡንቱም እ.ኤ.አ. በ2004 በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ አነሳሽነት ወጣ። ስሙ ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ነው፤ ሰው ሰው የሚሆነው በሌሎች ሰዎች ነው የሚለውን ሐሳብ ይዟል። እኛስ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንል የለ!

ታዲያ ችግር የለውም ወይ? አለው። የማይክሮሶፍት ኦፊስ ፕሮግራም በቀጥታ አይጫንበትም። በምትኩ በምጠቀመው ሊብሬኦፊስ ወርድ ላይ የተጻፈ ፋይል ስከፍት አንዳንዴ ሠንጠረዡ ይዛነፋል። በድሮ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶችም ፎንቱ ካልተጫነ የማይነበብ ነገር ይሆናሉ። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ግን ችግር የለበትም።

ወጣቶች፣ እኔ ስለቀየርኩ ብቻ ተነስታችሁ አትቀይሩ። ጓደኛ ስላደረገው ማድረግ ውሳኔ አይባልም። መጀመሪያ ኡቡንቱን ፍላሽ ላይ አዘጋጅታችሁ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሳትጭኑት ሞክሩት። ልትጭኑት ከወሰናችሁ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ኮምፒውተሩ የቤተሰብ ከሆነም አስፈቅዱ። ከዚያ የሚጠቅማችሁን አመዛዝኑ፤ ምርጫው የራሳችሁ ነው።