ነፋስ ክዳኑን ስለ ገፈፈው ቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ክረምትን ሲከፍሉ፥ ከሐምሌ 19 ቀን እስከ ነሐሴ 9 ቀን ያለውን ጊዜ የመብረቅ፥ የነጐድጓድ፥ የባሕር፥ የአፍላግና የጠል ወራት ይሉታል። ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቍልቍለት በመውረድ ዛሪማ የደረሰ ሰው የዚህ ስያሜ ትርጓሜ በጆሮውም በዐይኑም ይገባዋል። የስሜን ተራራ በጥቍር ደመና ይሸፈናል፤ ዝናሙና በረዶው ሲወርድ አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘውም አየር ከብዶ ወደ ታች ይወድቅና ምድር ሲነካ ወደ ጎን ይበተናል። ስለዚህ ነፋሱ ከዝናሙ ቀድሞ፥ አቧራ እያስነሣ ይደርሳል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የአንዱን ጎጆ ሣር ይበትናል፤ የሌላውን ቆርቆሮ ከነማገሩ ይነቅላል፤ በቅሎ የቆመውን ማሽላ ያጋድማል። የጎረቤቱን ቤት ግን ሳይነካ የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

ይህ ነፋስ ካለፈ በኋላ ሁለተኛ ነፋስ ይነሣል፤ እርሱም የሰው አፍ ነው። «በዓል የሻረው ማን ነው? በሚካኤል ዕለት ያረሰው ማን ነው?» ይባላል። ቤቷ የፈረሰባት መበለት ልጆቿን አቅፋ በግድግዳው ጥግ ስታድር፥ ከብርዱ ይልቅ ይህ ሐሜት ያንገበግባታል።

ወገኖቼ ሆይ፥ የጻድቁን የኢዮብን ታሪክ አስቡ። ከምድረ በዳ የመጣ ታላቅ ነፋስ የቤቱን አራት ማዕዘን መትቶ በልጆቹ ላይ ጣለው። ወዳጆቹም ኀጢአቱን ሊመረምሩ ተቀመጡ፤ እግዚአብሔር በመጨረሻ የተቈጣው ግን በእነርሱ እንጂ በኢዮብ አልነበረም። ጌታችንም የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ሰዎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ፥ ይልቁንም የሚሰማው ሁሉ ስለ ራሱ ንስሐ እንዲገባ አስተምሯል፤ ይህም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ተጽፏል። እንግዲህ ነጐድጓድ ሲያስደነግጠን የራሳችንን ኀጢአት እንቍጠር እንጂ የጎረቤታችንን አንቍጠር።

«ነገ በዓል ነውና ቤቷን እንዴት እንሠራለን?» የሚል ይኖራል። በዓልን ማክበር መልካም ነው፤ እኔም በዓል ይሻር አልልም። ነገር ግን ጌታችን በሬው ከጕድጓድ የወደቀበት ሰው በሰንበት ቀን እንኳ ፈጥኖ እንደሚያወጣው ለፈሪሳውያን አስታውሷቸዋል። በሬው በሰንበት ከወጣ፥ በዝናም የሚደበደቡ ሕፃናት በበዓል ቀን ክዳን ቢያገኙ የትኛው መልአክ ያዝናል? ስለዚህ ቅዳሴ አስቀድሰን ስንወጣ አንዱ ሣር፥ አንዱ ገመድ፥ አንዱ ጕልበቱን ይዞ ይሂድ፤ ካህኑም ይቅደም። ይህ በዓልን መሻር ሳይሆን ማክበር ነው።

ለየቤታችሁም ጥንቃቄን አትናቁ። ከክረምት በፊት ክዳኑን ከወራጁና ከማገሩ ጋር አጥብቃችሁ እሰሩ፤ እረኞቻችሁንም ነጐድጓድ ሲሰሙ ለብቻው ከቆመ ዛፍ ሥር እንዳይጠለሉ ምከሩ።

ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ በቆመ ጊዜ ብርቱ ነፋስ ተራራውን ሰነጠቀ፤ እግዚአብሔር ግን በነፋሱ ውስጥ አልነበረም፤ ከሁሉ በኋላ በዝግታ ድምፅ ተናገረው። ዛሬም ነፋሱ ካለፈ በኋላ ጆሮ ያለው ሰው የሚሰማው ዝግ ያለ ድምፅ፥ ጎረቤትህ ወዴት አደረ? የሚል ነው።

ማዕበሉን ገሥጾ ጸጥ ያሰኘ አምላክ ሀገራችንንና ሕዝባችንን ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ አሜን።