በስፔን ንጉሡ ይፈርማል፣ ክልሎቹ ያስተዳድራሉ

ስፔን ንጉሥ አላት፤ አገር የሚገዙት ግን እሳቸው አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1978 በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሠረት የንጉሥ ፌሊፔ 6ኛ ይፋዊ ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወይም አንድ ሚኒስትር ካልፈረመበት አይጸናም። ተጠያቂውም አብሮ ፈራሚው ነው። ሕግ የሚወጣው ማድሪድ ባለው ባለሁለት ምክር ቤት ፓርላማ ሲሆን፣ 350 መቀመጫ ያለው የታችኛው ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ይመርጣል።

ነገሩ የሚጥመው ከማድሪድ ሲወጡ ነው። 17ቱ ራስ ገዝ ክልሎች የየራሳቸው ፓርላማና ፕሬዚዳንት አሏቸው። ሆስፒታሉንም ትምህርት ቤቱንም የሚያስተዳድሩት እነሱ ናቸው። ሥልጣናቸው ግን እኩል አይደለም። ባስክና ናቫራ አብዛኛውን ግብር ራሳቸው ሰብስበው ለማዕከላዊው መንግሥት ድርሻውን ይልካሉ፤ ሌሎቹ ግን በአብዛኛው ማዕከሉ የሚያከፋፍለውን ይጠብቃሉ። ካታሎኒያም እንዲሁ እንዲደረግላት ጠይቃለች፤ ማን አይጠይቅ!

የክልሎቹ ሥልጣን ልጓም አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 የካታሎኒያ ፓርላማ ነጻነት ሲያውጅ፣ ማዕከላዊው መንግሥት በላይኛው ምክር ቤት በሴኔቱ ፈቃድ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 155 ሥራ ላይ አውሎ የክልሉን መሪዎች ከሥልጣን አነሳ፤ ምርጫም ጠራ። በዚያ ምርጫ ነጻነት ፈላጊዎቹ ፓርቲዎች እንደገና አብላጫ መቀመጫ አገኙ።