ከኬሞ በኋላ ያለው ዕድሜ

በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስ አንድ ልጅ ሕመም ሲጠናበት ቤተሰቡ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። ከጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ማርቆስ ይላካል፤ ካንሰር ነው ከተባለ ደግሞ ወደ ጎንደር፣ ወይም ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል። የዛሬው ዝግጅት የሚያወራው ስለ መልሱ ጉዞ ነው፤ ሕክምናውን ጨርሶ፣ ፀጉሩ በቅሎለት፣ ወደ ትምህርቱ ስለተመለሰው ልጅ።

እንዲህ ያለ ልጅ በአገራችን ብዙ አልነበረም። በበለጸጉት አገሮች በካንሰር ከሚያዙ 100 ሕፃናት ከ80 በላይ ሲድኑ በድሃ አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 ያንሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ዘመቻ የጀመረው ይህን ቁጥር በ2030 ቢያንስ 60 ለማድረስ ነው። በኢትዮጵያም ሰዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። አቶ ወንዱ በቀለ ሕፃን ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ በስሙ የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ማኅበር ደግሞ ከክፍለ ሀገር የመጡ ልጆችንና አስታማሚዎቻቸውን አዲስ አበባ ላይ ያስጠልላል፤ ማደሪያ አጥቶ ሕክምና የሚያቋርጥ ብዙ ነውና ይህ ከመድኃኒቱ ያላነሰ እርዳታ ነው።

ታዲያ የዳነው ልጅ አድጎ ያርሳል፣ ያስተምራል፣ ያገባል። ያዳነው የካንሰር መድኃኒት፣ ኬሞ የሚባለው፣ ግን በሰውነቱ ውስጥ ምልክቱን ሊተው ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ታክመው የዳኑ ሰዎችን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ በሽታው ከታወቀ 30 ዓመት ሲሞላ ከ100ው 73ቱ ቢያንስ አንድ ሥር የሰደደ የጤና ችግር እንደሚያገኛቸው አሳይቷል። አድማጮች አይደንግጡ፤ በዚያ ዘመን የሚሰጠው ጨረር ከዛሬው ይበዛ ነበር። ቢሆንም ነገሩን ችላ የሚያስብል አይደለም።

ልብን እንውሰድ። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ቀይ መድኃኒት ብዙ የልጆች ካንሰርን ይፈውሳል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን የልብን ጡንቻ ያደክማል፣ ድካሙም ከዓመታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። አሁን አንዲት ልጅ በ10 ዓመቷ ይህን መድኃኒት ወሰደች እንበል። ዳነች። ወላጆቿ «ስሟ እንዳይጠፋ፣ ባል እንዳታጣ» ብለው ነገሩን ደበቁት፤ የሕክምና ወረቀቱም የት እንደገባ ጠፋ። አገባች፣ አረገዘች። እርግዝና የልብን ሥራ ከወትሮው እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል። ትንፋሽ ሲያጥራት፣ እግሯ ሲያብጥ፣ አዋላጇ የእርግዝና ነገር መስሏት ልታልፈው ትችላለች፤ የነገራት የለማ! አንድ ቃል ብትሰማ ኖሮ ወደ ሆስፒታል ልካ በአልትራሳውንድ ልቧን ታስመረምራት ነበር። በዝምታው የሚጎዳው ሌላ ሰው ሳይሆን ልጅቱ ናት። ለመደበቅም ምክንያት የለም፦ ካንሰር አይተላለፍም፤ አብዛኛው የልጆች ካንሰርም በዘር የሚወረስ አይደለም።

በዘር ሊመጣ የሚችለው አንዱ የዓይን ካንሰር ነው። በዚህ የዳነ ሰው ልጅ ሲወልድ ሕፃኑ ዓይኑን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መታየት አለበት።

ኩላሊትም አለ። ዊልምስ የሚባለው የሕፃናት የኩላሊት ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚታከመው የታመመውን ኩላሊት በማውጣት ጭምር ነው። በቀሪው አንድ ኩላሊት ረጅም ዕድሜ መኖር ይቻላል፤ ግን ይጠበቃል። በዓመት አንድ ጊዜ የደም ግፊት መለካትና ሽንት መመርመር ይገባል፣ ለዚህም ጤና ጣቢያ ይበቃል። ወገቤን አመመኝ ብሎ ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ እየገዙ መዋጥ ግን ለዚህ ሰው አይሆንም። በአጨዳ ወቅት ፀሐይ ላይ ውሎ ውኃ አለመጠጣትም እንዲሁ።

ሌላውን ባጭሩ፦ ሲስፕላቲን የወሰደ ልጅ ጆሮው ሊደክም ይችላልና ክፍል ውስጥ የማይሰማ ሲመስል «ሰነፍ» ከማለት በፊት ጆሮውን ማስመርመር ይሻላል። ቪንክሪስቲን እጅና እግርን ያደነዝዛል፤ ብዙ ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። በሕክምናው ጣፊያው የወጣለት ሰው ትኩሳት ከያዘው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት፣ በተለይ ወባ ባለበት ቆላ የሚኖር ከሆነ። ሲጋራና አረቄ ደግሞ ለማንም አይበጁም፤ ልቡና ሳንባው ቀድሞ ለተነካ ወጣት ግን ጉዳታቸው ይብሳል።

የአእምሮ ጭንቀትም ሊነሳ ይገባል። ራስ ምታት በመጣ ቁጥር «ተመለሰብኝ» ብሎ ሌሊቱን ሲጨነቁ ማደር በዳኑ ወጣቶች ዘንድ የተለመደ ነው። ይህን ለሐኪም ወይም ለቅርብ ሰው መናገር ድክመት አይደለም።

እንግዲህ ለወላጆች አንድ አደራ አለ። ልጃችሁ ሕክምናውን ሲጨርስ ከሆስፒታሉ ሳትወጡ የበሽታውን ስም፣ የወሰደውን መድኃኒትና ጠቅላላ መጠኑን፣ ጨረር ካገኘም በየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሆነ በጽሑፍ አስጽፉ። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ልጁም ከፍ ሲል የራሱን ታሪክ በራሱ አፍ መናገር እንዲችል አስረዱት። ቀድሞ ታክማችሁ ወረቀቱ የሌላችሁ ደግሞ የታከማችሁበት ሆስፒታል ካርዳችሁን ፈልጎ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፣ የልብ ምርመራ ካላደረጋችሁም በዚህ ዓመት አድርጉ።