የባንክ ማስታረቂያ እና የሽማግሌ እርቅ
(በማኅበራችን የጥቅምት ወር የቡና ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በየወሩ እዚህ ስቆም የማነብላችሁ የቁጠባችንን ገቢና ወጪ ነው። ዛሬ ሰብሳቢያችን «ሒሳቡን በወረቀት አድይና አንቺ ስለምታነቢያቸው ልብ ወለዶች አውሪን» አለችኝ። ባለፈው ወር ሒሳቡን ሳነብ ሦስት ሰው ስላንቀላፋ ሐሳቧ ገብቶኛል።

ደሴ ኮሌጅ ስማር ፒያሳ አካባቢ ከአንዲት ትንሽ ሱቅ መጽሐፍ በኪራይ እወስድ ነበር። ከሁሉ የምወደው ተለያይተው የነበሩ ፍቅረኞች ተመልሰው የሚገናኙበትን ታሪክ ነው። በተለይ መሐል ላይ እናት፣ አክስት፣ የአክስት ጎረቤት ገብተው ነገር ሲያበላሹና ሲያቃኑ እስቃለሁ። በውጭ አገር እንዲህ ያለው ልብ ወለድ ራሱን የቻለ መደርደሪያ አለው። እኛ ዘንድ መደርደሪያው ባይኖርም ታሪኩ በየቤቱ አለ።

ዘመድ በፍቅር መሐል ስለሚገባበት ነገር ካነሣን መነሻው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ በ1958 ታተመ፤ ኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፍ የማያነበውም ሰው ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቱ ልጅ አወቃት። አባትየው ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጥን ባል ሲያማርጡ ዕድሜዋ ያልፋል። ሰውየው ያስቁናል፤ ኩራታቸው፣ ዘር ቆጠራቸው፣ ቁጣቸው ሁሉ ያስቃል። ዳሩ ግን የሳቅንበት ኩራት ልጅቷን ያስመነኩሳታል። በዛብህንም ቢሆን ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል። ሁለቱም ያላማከሯቸው ሰዎች በወሰኑላቸው ነገር ታሰሩ። ለእነሱ ሁለተኛ ዕድል አልነበረም።

እኔ ከዚያ መጽሐፍ የምወደው ክፍል ግን መጀመሪያው ነው። የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ባሎቿ የሞቱባት ሴት ናት። ያን ጊዜ እንዲህ ያለችዋን ሰው ይፈራታል፣ ስምም ያወጣላታል። እሷ ግን ቤቷ ተቀጥሮ ከሚሠራው ከቦጋለ መብራቱ ጋር ትዳር ትመሠርታለች። ሰው ሁሉ ስለ ሰብለ ሲያለቅስ እኔ ውድነሽን አስባለሁ። ሁለተኛ ዕድል የሚሉት እሷ ያገኘችውን ነው።

ሌላው መንግሥቱ ለማ ናቸው። «ያላቻ ጋብቻ» የተባለው ኮሜዲያቸው የተጻፈው በ1950ዎቹ ነው። የተማረው ወጣት የቤት ሠራተኛዋን ሊያገባ ሲል አክስት ትነሣበታለች። ደሴም ኮምቦልቻም እንዲህ ያለች አክስት የሌለው ቤት ካለ እጁን ያውጣ። «ጠልፎ በኪሴ»ን ግን እንደ ሌሎቹ ልስቅበት አልቻልኩም። ጉዳዩ ጠለፋ ነው። በድሮው የወንጀል ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ይድን ነበር፤ ይህ የተሰረዘው በ1997 ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ ሕግ ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት እናቶች ነገሩን ከመድረክ ላይ ያላወቃችሁት እንዳላችሁ አውቃለሁ።

በነገራችን ላይ የዘመድ ጣልቃ ገብነት ወግ ብቻ አልነበረም፣ ሕግም ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ብዙውን ጊዜ ጋብቻው ሲፈጸም ምስክር የነበሩት ሰዎች። ድግሱን የበሉት ዳኛ ሆኑ ማለት ነው። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ፍቺ መወሰንን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ፤ ክልላችንም በ1995 የራሱን አወጣ። ዛሬ ሽማግሌ ማስታረቅ ይችላል፣ ማፋታት ግን አይችልም። ባልና ሚስት ተስማምተው ፍቺ ሲጠይቁም ዳኛው እንዲያስቡበት እስከ ሦስት ወር ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ይህን በቃሌ የያዝኩት ሕግ ስለተማርኩ አይደለም። ነሐሴ ላይ ለእኔና ለባለቤቴ ሦስት ወር ስለተሰጠን ነው።

አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል፤ ያልሰማ ካለ አክስቴን አያውቃትም ማለት ነው። ነገሩ 60,000 ብር ነው። ለቤታችን ቆርቆሮ ያሰብነው ዕቁብ ወጣ፤ እሱ ሳይነግረኝ ለታላቅ ወንድሙ ንግድ ሰጠው፤ ንግዱም ከሰረ። እኔ ስጠይቀው «ገና አልወጣም» ይለኛል። አምስት ወር ሙሉ እራት እየበላን «ገና ነው» አለኝ። የሰማሁት ከዕቁቡ ሰብሳቢ ነው። የሌላውን ሰው ሒሳብ ስመረምር የምውል ሴት፣ የራሴን ቤት ከመንገድ ላይ ሰማሁ። ልጄን ይዤ ደሴ እናቴ ቤት ገባሁ።

ሦስቱ ወር እንደተጀመረ እናቶች ተነሡ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አማቴ ከኮምቦልቻ ደወለችልኝ፤ «ልጄ፣ ከዚህ አልጋ የምነሣ አይመስለኝም፣ ዓይንሽን ልየው» አለችኝ። ደንግጬ ሚኒባስ ያዝኩ። በዚያው ሰዓት የእኔ እናት ለእሱ ደውላ ኖሯል፤ «የእንጀራ ምጣዴ ተበላሸ፣ ካንተ በቀር የሚሠራው የለም»። እሱ መካኒክ ነው፣ እምቢ አይልም። ሁለቱ እናቶች ቀኑን እንጂ ምክሩን አልገጠሙም። እኔ ሐረጎን ስወርድ እሱ ሲወጣ፣ አንዱ ጥምዝ ላይ በመስኮት ዓይን ለዓይን ተያየን። እሱ እጁን አነሣ። እኔም አነሣሁ። የጎን ተሳፋሪዬ «ዘመድሽ ነው?» አለችኝ፤ ምን ብዬ ልመልስ?

አማቴ ቡና እየቆላች አገኘኋት። ልጇ ደሴ መውጣቱን ስትሰማ ለእናቴ ደውላ ተጨቃጨቁ። ከዚያ ጸጥ አለችና አቦሉን ቀዳችልኝ። «ብሩን ለወንድሙ እንዲሰጥ የለመንኩት እኔ ነኝ። ላንቺ እንዳይነግርሽም በጡቴ ያስማልኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። ከፍራሽዋ ሥር በመሐረብ የተቋጠረ 7,000 ብር አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች። ተቀበልኩ፤ ደረሰኝም ጻፍኩላት። ማንበብ ባትችልም አጣጥፋ መሐረቡ ውስጥ ከተተችው።

ከሥራዬ አንዱ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ነው። የባንኩንና የእኛን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጠን ልዩነቱ ከየት እንደመጣ እንፈልጋለን። ማን ፈረመ? የቱ ቼክ ነው? «ተዉ፣ ስለ እኛ ስትሉ» ተብሎ አይታለፍም። ሽማግሌ አንዳንዴ ልዩነቱን ሳይጠይቅ ያስታርቃል፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ከመካከላችን ሦስት ጊዜ ታርቃ ሦስት ጊዜ ተደብድባ የተመለሰች እህት አለች። ያን ሁለተኛ ዕድል አልለውም። ሽማግሌ ጥርሷ ሲወልቅ «ለልጆችሽ ስትይ» ካላት፣ እኔ ያንን ታሪክ ከኪራይ መጽሐፌ ጋር አንድ ላይ አላስቀምጠውም። ለእሷ የማኅበራችን የቁጠባ ደብተር ከሽማግሌው ጋቢ ይሻላታል።

ወደ እኔ ልመለስ። መስከረም ላይ አንድ ሼህና አንድ ቄስ አብረው መጡልን፤ ወሎ አይደለን? መርቀው ከጨረሱ በኋላ እኔ «ወረቀት ያምጣ» አልኩ። ሼሁ ሳቁ፤ «ይቺስ ሽማግሌ አይደለም፣ ኦዲተር ነው የሚያስፈልጋት» አሉ። በሳምንቱ ባለቤቴ የባንክ ደብተር ይዞ መጣ። በስሜ ከፍቶት፣ ለካ ትርፍ ሰዓት እየሠራ 19,000 ብር አስገብቶበታል። የአማቴ 7,000 ሲደመር 26,000። ቀሪው 34,000 ነው፤ እሱ ይገኛል። «ገና አልወጣም» የተባልኩባቸውን እራቶች ግን በየትኛው ዓምድ እንደምመዘግባቸው እስካሁን አላወቅሁም። እሱንም እንዲሁ ነገርኩት። «እኔም አላውቅም» አለኝ፤ ከወንድሙ ነገር ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ያልተሸፋፈነ መልስ ይሄ ነው።

ቀጠሯችን ኅዳር መጨረሻ ነው። እናቴ ምጣዱን ራሷ ሽቦውን ነቅላው እንደነበር አምናለች፤ አሁን በደንብ ይሠራል። አክስቴ ደግሞ፣ ያው እዚያ ጥግ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች፣ ከወዲሁ ጌሾ ገዝታለች አሉ። እትዬ፣ ጌሾው ደረቅ ነው፣ አይበላሽም፤ እስከ ኅዳር ይቆይልሽ።