የጨዋታ መልእክት ማጣሪያና የሐርጌሳ ተጫዋች

አቅራቢ 1፦ ቦት፣ ማለትም ያለ ሰው እጅ ራሱን ችሎ የሚሠራ ፕሮግራም፣ በኢንተርኔት የቡድን ጨዋታዎች የጽሑፍ መልእክት ውስጥ ማስታወቂያና ስድብ ሲያጎርፍ፣ ማጣሪያ የሚባለው ሥርዓት የመልእክቱን ፍጥነት፣ ድግግሞሽና የያዘውን የድረ ገጽ አድራሻ መዝኖ ያግዳል። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ከዚህ አልፎ፣ በቲም ፎርትረስ 2 ጨዋታ ገንዘብ ያልከፈሉ አካውንቶች መልእክት እንዳይጽፉ ከለከለ።

አቅራቢ 2፦ እርስዎ የጠቀሱት ክልከላ ክፍያን ሰው የመሆን ማረጋገጫ ስለሚያደርግ፣ የሶማሊላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ ላይ ሲደርስ ፍትሐዊነቱ ይጎድላል፤ ምክንያቱም በከተማዋ የዕለት ተዕለት ክፍያ በአብዛኛው የሚፈጸመው ቴሌሶም የተባለው የቴሌኮም ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 በጀመረው ዛድ በተባለ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት እንጂ በዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ አይደለም። ካርድ የሌለው ታዳጊ ከቦት ጋር አብሮ ዝም ይሰኛል፤ ይህም ከባድ በደል ነው።

አቅራቢ 1፦ የከተማዋ ተጫዋቾች ቋንቋም ሌላ ፈተና ነው። ሶማልኛ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1972 ጀምሮ በላቲን ፊደል በይፋ ሲጻፍ፣ ረጅም አናባቢዎች በድርብ ፊደል ስለሚወከሉ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የሠለጠነ ማጣሪያ ጤናማውን ቃል ትርጉም የለሽ የፊደላት ድርድር አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል።

አቅራቢ 2፦ ስለሆነም የጨዋታ ኩባንያዎች ማጣሪያቸውን በሶማልኛ ተናጋሪዎች ሊያስፈትሹ፣ በስህተት የታገደ ተጫዋችም በቋንቋው አቤት የሚልበትን መንገድ ሊከፍቱ ይገባል።